ግጥሟን ራሷ የምትደርስ ዘፋኝ

በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ሐሳቤን ለመግለጽ የመረጥሁት ርእስ ሙዚቃ ነው። ሙዚቃ የሥራ ፈት ጉዳይ ነው የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲያነብልኝ እለምነዋለሁ።

ዘንድሮ ከጓደኛ ስልክ ወደ ስልኬ ከተላለፉት ዘፈኖች መካከል ጆሮዬን የያዘው ብዙዎች «ጂጂ» እያሉ የሚጠሯት የእጅጋየሁ ሽባባው ድምፅ ነው። ለወላጆቻችን አዲስ ላትሆን ትችላለች፤ ለእኛ ግን አዲስ ናት፤ በስሟ የተጠራው አልበም በፈረንጆች አቈጣጠር በ2001 ሲወጣ ገና አልተወለድንምና።

እጅጋየሁ የተወለደችው በጎጃም በቻግኒ ነው። የቤተ ክርስቲያንን ዜማ እየሰማች አደገች፤ ኋላም በኬንያ ቆይታ ወደ አሜሪካ ተሻገረች። ይህን አልበሟን ያዘጋጀው ቢል ላስዌል ሲሆን፥ በዓለም የታወቁት የጃዝ ሰዎች ሄርቢ ሃንኮክ፥ ዌይን ሾርተርና ፋሮአ ሳንደርስ ተጫውተውላታል። እንዲህ ያሉ ሊቃውንት ከበዋት ሳለ በምን ቋንቋ ዘፈነች? በአገሯ ቋንቋ። ስለ ምንስ ዘፈነች? ስለ ዓባይ፥ ስለ ዓድዋ፥ ስለ ባለ ዋሽንቱ። ስለ ዓባይ የዘፈነችውም የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ በ2003 ዓ.ም. ከመቀመጡ ከዓመታት በፊት ነው።

የማደንቃት ስለ ድምፅዋ ብቻ አይደለም። የዘፈኖቿን ግጥምና ዜማ በአብዛኛው ራሷ ትደርሳለች። በዓድዋ ዘፈኗ በሕይወታቸው ነፃነትን ለገዙልን አባቶች ምስጋና ታቀርባለች። በታሪክ ትምህርት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሚለውን በቃላችን አጥንተናል፤ ያ ቀን እንደ ዕዳ ሆኖ የተሰማኝ ግን ዘፈኑን በሰማሁ ጊዜ ነው።

«የፈረንጅ መሣሪያ ዜማችንን ያበላሻል» የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም፤ መሣሪያው ጮሆ ቃሉ የማይሰማበት ዘፈን ሞልቷልና። ነገር ግን የመንዝን ባና ተመልከቱ። ጠጕሩ ከበጎቻችን ይሸለታል፤ እናቶቻችን ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ይሠራዋል። ሸማኔው አዲስ ዕቃ ቢጠቀም፥ ጠጕሩና ፈትሉ የእኛ እስከ ሆነ ድረስ ባናው ያው ባና ነው። የእጅጋየሁም ዜማ እንዲሁ ነው።

«ሴት ልጅ ዘፈን መድረሷ ነውር ነው» ለሚሉም፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2011 ያረፈችውን አስናቀች ወርቁን ላስታውስ፤ በቲያትር ተዋናይ ነበረች፤ ክራርም እየደረደረች ትገጥም ነበር። ከዚህም ሌላ በለቅሶ ሙሾ የሚያወርዱት፥ በሠርግ ግጥም የሚያወጡት እነማን ናቸው? እናቶቻችን አይደሉምን?

እኛ ግን ምን እያደረግን ነው? በወላጆች በዓል ቀን ከከተማ የመጣ ዘፈን በድምፅ ማጉያ ይከፈታል፤ ተማሪውም ዘፋኝ መስሎ አፉን ያንቀሳቅሳል። በጓሳ ዳር በግ የሚጠብቀው ልጅ በዋሽንቱ የሚያወጣው ዜማ፥ እኅቱም እንዝርት እያሾረች የምታንጐራጕረው ግጥም መድረክ አያገኝም። ያልተጻፈ ግጥም ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ የምለምነው ይህ ነው። በሚመጣው የወላጆች በዓል እያንዳንዱ ክፍል ግጥሙንና ዜማውን ተማሪዎች የደረሱትን አንድ ዘፈን ያቅርብ። የአማርኛ መምህራኖቻችን ግጥሙን ይመርምሩልን፤ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ፈራጅ ይሁኑ፤ ከሁሉ የበለጠውም በዚህ መጽሔት ይታተም። ወላጆቻችንም ወንዱን ልጃቸውን እንደሚፈቅዱለት ሁሉ ለሴቲቱም ይፍቀዱላት።

የጓሳ ሣር እስከ ዛሬ የቆየልን አባቶቻችን በሥርዓት ዘግተው ስለ ጠበቁት ነው። ግጥምና ዜማ ግን የሚጠበቀው በመዘጋት ሳይሆን በመዘመር ነው። እኔ በሚመጣው ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት ተሰናብቻለሁ፤ መጽሔቱ በእጄ ሲገባ ግን አስቀድሜ የምፈልገው የዚያችን ፈታይ ልጅ ግጥም ነው።