ለባሕር ዳር ሳምንት ስንቅ ይበቃል

ሦስት አራት ቤተሰብ ገንዘብ አዋጥቶ ለአንድ ሳምንት የባሕር ዳር ቤት መከራየት በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። ልጆች ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ቀን ይቆጥሩለታል። ዓመቱን ሙሉ ከሥራ ሥራ ሲሯሯጡ የከረሙ ወላጆችም በዚያች ሳምንት ጎናቸውን ለማሳረፍ ይመኛሉ። ጉዞው ሲቃረብ ግን መኪናው ላይ የሚጫነው የድግስ ዕቃ ይሆናል፤ ትልቁ ድስት፣ በከረጢት የተሞላ ሽንኩርት፣ ቅቤው፣ ተገነጣጥሎ የታሰረ ዶሮ፣ አንዳንዴም ምጣዱ ሳይቀር። እዚያ ሲደረስ ወንዶቹና ልጆቹ ወደ ውሃው ይወርዳሉ፣ እናቶች ወደ ማድቤት ይገባሉ። ሰባቱ ቀን እንዲሁ ያልቅና ሴቶቹ ሲሄዱ ከነበሩት ይበልጥ ደክመው ይመለሳሉ።

ይህ መቅረት አለበት። የሚቀረውም በዕቅድ ነው፤ ቦታው ራቅ ባለ መጠን ደግሞ ዕቅዱ ቀደም ብሎ መጀመር ይኖርበታል።

በሰሜን ካሮላይና የሚገኘውን ሃተራስ ደሴት እንውሰድ። ከዲሲ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በአትላንቲክ ውቅያኖስና ፓምሊኮ ሳውንድ በሚባለው ሰፊ የውስጥ ውሃ መካከል የተጋደመ ቀጭን የአሸዋ መሬት ነው፤ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲረዝም ስፋቱ በአንዳንድ ቦታ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሰባት መንደሮች አሉት። ሁሉንም የሚያገናኛቸው መንገድ ቁጥር 12 የሚባለው አንድ ጎዳና ብቻ ነው። በመንደሮቹ መካከል ያለው የባሕር ዳር አብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1937 የአሜሪካ የመጀመሪያው ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ሆኖ በሕግ ስለተከለለ ፎቅ ሆቴል አልተደረደረበትም። ጸጥታ ለሚፈልግ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ማግኘት ይቸግራል።

ጸጥታው ግን የራሱ ዋጋ አለው። አሸዋው አይረጋም። ማዕበል ሲነሣ ውሃው ጎዳናውን ያጥለቀልቃል፣ አሸዋም ይቆልልበታል፣ መንገዱም ይዘጋል። ሮዳንቴ የሚባለው መንደር አጠገብ መንገዱ ደጋግሞ ሲቆረጥ መንግሥት በፓምሊኮ ውሃ ላይ የሚያልፍ ረጅም ድልድይ ሠርቶ በ2022 ከፈተ። በዚያው መንደር ከ2020 ወዲህ ከአሥር በላይ ቤቶች እየተደረመሱ ውቅያኖስ ገብተዋል። ስመ ጥሩው የሃተራስ የመርከብ መብራት ማማም ከ1870 ጀምሮ የቆመበትን ቦታ ባሕሩ ሊበላው ሲደርስ፣ በ1999 በሐዲድ ላይ ተጭኖ 880 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ተወስዷል። 60 ሜትር ገደማ የሚረዝም የጡብ ሕንፃ ሳይፈርስ በ23 ቀን ተጓዘ።

ስለዚህ ቤት ሲመረጥ ሁሉም የሚሻማበት የመጀመሪያው ረድፍ፣ ከሰገነቱ ሥር ማዕበል የሚታይበት ቤት፣ ሕፃናትና አረጋውያን ላሉበት ቤተሰብ የሚመከር አይደለም። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ረድፍ ኪራዩ ይቀንሳል፣ ወደ ውሃውም በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ብዙዎቹ ቤቶች በረጃጅም ምሰሶ ላይ የተሠሩ ስለሆኑ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አብረው የሚሄዱ ከሆነ የደረጃውን ብዛት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደረጃው ያስፈራቸው እናት ሳምንቱን ሙሉ ከሳሎን አይወጡም።

ጊዜውም መታሰብ አለበት። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከሰኔ እስከ ኅዳር ይዘልቃል፣ የሚበረታውም በመስከረም መባቻ ላይ ነው። የአካባቢው አስተዳደር ጎብኚዎች ደሴቱን ለቀው እንዲወጡ ካዘዘ መውጣት ግዴታ ነው። ገንዘቡስ? በሰሜን ካሮላይና ሕግ ተከራዩ እንዲህ ላለው አደጋ የሚሆን መድን ቀርቦለት አልፈልግም ካለ፣ አከራዩ ላልተኖረበት ቀን ገንዘብ የመመለስ ግዴታ የለበትም። ሰው ውሉን ሳያነብ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው፤ አራት ቤተሰብ ያዋጣው ገንዘብ በአንድ ፊርማ ሊቀር ይችላል። ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሚውል ውሃው በሞቀበት፣ ኪራዩም በተወደደበት ሰሞን ላይ ያርፋል። ቅዳሴ ማስቀደስ የሚፈልግ ሰው ከቤተ ክርስቲያን በዚህን ያህል ርቀት ልቡ አያርፍም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ሐምሌ ይሻላል።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ግን ምግቡ ነው። አበሻ ለመንገድ ምን እንደሚያዝ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ነጋዴውም፣ ዘማቹም፣ ተማሪውም በሶውን፣ ቆሎውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ድርቆሹንና ቋንጣውን ቋጥሮ ነበር የሚወጣው። ይህ ሁሉ ምድጃ ዳር ቆሞ መዋልን የማይጠይቅ፣ በሙቀትም ቶሎ የማይበላሽ ምግብ ነው። ለባሕር ዳሩ ሳምንት የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

እንጀራ በባሕር አየር እርጥበት ቶሎ ይሻግታል። ከመሄድ በፊት በደንብ እስኪበርድ ጠብቆ፣ አምስት አምስቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ማቀዝቀዝና በየቀኑ የሚበቃውን ብቻ ማውጣት ነው። ለተረፉት ቀናት ድርቆሽ አለ። ቁሌቱም እቤት በስሎ፣ ጠፍጣፋ ተደርጎ በከረጢት ቢቀዘቅዝ እዚያ የሚቀረው ውሃ ጣል አድርጎ ሽሮውን መበተን፣ ወይም ቋንጣና ድርቆሽ ጨምሮ ማገላበጥ ነው። ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ የ15 ዓመት ልጅም ይሠራዋል። ሽንኩርት መክተፍ፣ ማቁላላትና ድስቱን መጠበቅ፣ ያ ሁሉ ሰዓት የሚበላው ሥራ፣ ሳይሄዱ አልቋል። ዶሮ ወጥ ግድ ነው የሚል ካለ አንድ ቀን ይበቃል፤ እሱም ከቤት ተሠርቶ ይሂድ። ሐላል ሥጋ የሚፈልጉ ቤተሰቦችም ከለመዱት ሉካንዳ ገዝተው አቀዝቅዘው ቢይዙ ይሻላቸዋል። ወተት፣ እንቁላል፣ ፍራፍሬና ውሃ ግን ከዲሲ መጎተት አያስፈልግም፤ አቮን መንደር ላይ ሱፐርማርኬት አለ።

ማድቤቱ ሲቀል ዐይን ወደ ባሕሩ ይመለሳል፤ መመለስም አለበት። በዚህ ዳርቻ በማዕበሉ መካከል ሰውን ወደ ጥልቁ የሚስብ ኃይለኛ ጅረት ይፈጠራል፣ ነፍስ አድን ሠራተኛ የሚቆምባቸው ቦታዎችም ጥቂት ናቸው። ጅረቱ የያዘው ሰው በቀጥታ ወደ ዳር ለመመለስ ከታገለ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ መንሳፈፍ፣ ከዚያም ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኙ ከጅረቱ መውጣት ነው የሚያድነው። ብዙዎቹ ወላጆች ዋና ሳያውቁ ያደጉ ስለሆኑ ይህን ልጆቹ ገና መኪና ውስጥ ሳሉ መንገር፣ ውሃው ዳርም ሁልጊዜ ስልኩን ያስቀመጠ አንድ ትልቅ ሰው በተራ መመደብ አለበት። በተራ ማለት እናቶችም ተራቸው ሲያበቃ ተጋድመው የሚያነቡበት ሰዓት አላቸው ማለት ነው።

ዝናብ የሚጥልበት ቀን አይጠፋም። ለዚያ ቀን ማንቴዮ ከተማ ያለችው ትንሽ ሙዚየም ትመረጣለች። ፒ አይላንድ በሚባለው የዚህ ዳርቻ ክፍል ሠራተኞቹ በሙሉ ጥቁሮች የሆኑበት የነፍስ አድን ጣቢያ ነበር። አዛዡ ሪቻርድ ኤተሪጅ በባርነት ተወልዶ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ ጦር ተዋግቶ፣ በ1880 የጣቢያው ኃላፊ ሆነ። በጥቅምት 1896 ኢ. ኤስ. ኒውማን የምትባል ባለ ሸራ መርከብ በማዕበል ተመትታ አጠገባቸው ስትወድቅ ጀልባም ሆነ ገመድ መወርወሪያ አልሠራ አላቸው። ሁለት ሁለት ሰው በገመድ እያሰሩ ማዕበሉ ውስጥ ገቡ፣ የመርከቧን አዛዥ ሚስትና ትንሽ ልጅ ጨምሮ ዘጠኙንም ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ዳር አወጡ። የወርቅ ሜዳሊያ የተሰጣቸው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1996 ነው። ሙዚየሙ የዚያ ጣቢያ ማድቤት የነበረው ቤት ነው። አሜሪካ ተወልደው የሚያድጉ የአበሻ ልጆች ይህን ታሪክ እዚያው ቆመው ቢሰሙት ከማንኛውም የመዝናኛ ፓርክ ይበልጣል።

ብዙውን ጊዜ የኪራይ ቤቱ ቁልፍ የሚሰጠው ቅዳሜ ወይም እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ የሚለቀቀውም በሳምንቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። የመጨረሻው ጠዋት ሩጫ ነው፤ ቆሻሻ ማውጣት፣ ፍሪጅ ባዶ ማድረግ፣ አንሶላ መሰብሰብ፣ ዕቃ ማጠብ። አስቀድሞ ካልተከፋፈለ ይህም ዞሮ ዞሮ እናቶቹ ላይ ይወድቃል። ገንዘብ በሚዋጣበት በዚያው የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ የማብሰል፣ የዕቃ ማጠብና የመጨረሻው ጠዋት ተራ በስም ይጻፍ፤ የአባቶችና የጎረምሶች ስም ከላይ ይቅደም።