መብራቱ ጠፋ ማለት ዘይቱ ተቀየረ ማለት አይደለም

በብዙ የቶዮታ አውቶሞቢሎች ዳሽቦርድ ላይ የሚበራው ቢጫ የሰርቪስ ማስታወሻ የዘይቱን ጤንነት አይለካም፤ የተጓዘውን ርቀት ብቻ ይቆጥራል። ለማጥፋት ወኪል ድርጅት መሄድ አያስፈልግም። ቆጣሪውን እንደ ሞዴሉ ‹ኦዶ› ወይም ‹ትሪፕ ኤ› ላይ አድርጎ መኪናውን ማጥፋት፣ የትሪፑን በተን ተጭኖ እንደያዙ ሞተር ሳያስነሱ ቁልፉን ማዞር፣ ቆጣሪው ዜሮ እስኪያሳይ መጠበቅ ይበቃል። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚርቀው የጎንደር ባለመኪና ይህ ጥሩ ቁጠባ ነው።

ችግሩ ያለው ገበያው ላይ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ገዢው የሚያማርጠው በአብዛኛው እዚሁ ካሉት አሮጌዎች ነው። ሻጩ በአንድ ደቂቃ የሚያጠፋው መብራት ለዚህ ገዢ ዋስትና ሊሆነው አይችልም። በተለይ ዳባትና ደባርቅን አልፎ በሊማሊሞ ዳገትና ቁልቁለት የሚመላለስ መኪና ዘይቱ ቶሎ ይደክማል።

ስለሆነም ገዢ መብራቱን ትቶ ዘይቱና ፊልትሮው በስንት ኪሎ ሜትር እንደተቀየሩ የሚያሳይ ደረሰኝ ይጠይቅ፤ ሊሾውንም አውጥቶ ይመልከት። ማስረጃ የሌለው ሻጭ ደግሞ ዋጋውን ይቀንስ። መብራት ማጥፋት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሞተር ማደስ ግን የብዙ ወር ገቢ ይበላል።