መኝታው ዳር ስንቆም



በአሜሪካ በነርስነት የምትሠራ አንዲት እህት እንዲህ ስትል ትጠይቃለች፦ «ከተመሳሳይ ጾታ ጋር የሚኖር በሽተኛ ሲደርሰኝ ልቤ ይከብደዋል። እርሱን ሳስታምም ኃጢአትን የደገፍኩ ይመስለኛል።» ብዙ ልጆቻችን በሕክምና ሙያ ላይ ስላሉ ጥያቄው የእርሷ ብቻ አይደለም።

ከእርሷ በፊት ይህ የገጠማቸው አንድ አማኝ ሐኪም ነበሩ። ዶክተር ኤቨረት ኩፕ በፊላደልፊያ ስመ ጥር የሕፃናት ቀዶ ሐኪምና ወንጌላዊ ክርስቲያን ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1989 የአሜሪካ «ሰርጅን ጄኔራል» ሆነው አገልግለዋል። ኤድስ እ.ኤ.አ. በ1981 በዚያች አገር ሲታወቅ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በአብዛኛው ግብረ ሰዶማውያን ስለነበሩ ብዙዎች ፊታቸውን አዞሩባቸው። በአንዳንድ ሆስፒታሎች ምግባቸው ከበር ውጭ ተቀምጦ ይቀር ነበር። ኩፕ ግን እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ሪፖርት በሽታው በመጨባበጥም ሆነ አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍ አስረዱ፤ ትግሉም ከበሽታው ጋር እንጂ ከሰዎች ጋር እንዳልሆነ አሳሰቡ። መታቀብንና አንድ ለአንድ መወሰንን ማስተማራቸውን ሳይተዉ፣ የሁሉም ሐኪም ነኝ አሉ። በዚህም የገዛ ወዳጆቻቸው ሳይቀሩ ነቀፏቸው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታችን 38 ዓመት የታመመውን ሰው በቤተ ሳይዳ አገኘው። መጀመሪያ ከአልጋው አስነሣው። ስለ ኃጢአት የተናገረው ኋላ፣ በመቅደስ ሲያገኘው ነው። አልጋ ላይ ላለ ሰው ያደረገለት ፈውስ ነበር።

ደግሞም በሽተኛ ፍርድን ሲፈራ ሕመሙን ይደብቃል፤ ወይም ዘግይቶ ይመጣል። ያልተነገረውን ሐኪም እንዴት ያክማል? በአገራችንም ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ወገኖች በገዛ ቤታቸው ሳህንና ብርጭቆ የተለየባቸውን ጊዜ አንረሳም። ስንቱ ከበሽታው ይልቅ ፊት መነሣትን ፈርቶ ሳይመረመር ቀረ!

ስለዚህ እህቴ፣ ሌላውን በሽተኛ እንደምትጠይቂ ይህንንም በትሕትና ጠይቂው። ምስጢሩን ጠብቂ፤ ስለ እርሱ በኮሪደር አታንሾካሽኪ። ሊጠይቀው የመጣውን ሰው በአክብሮት አነጋግሪው። ጸልይልኝ ካላለሽ በልብሽ ጸልዪለት። ቁስሉን ማጠብሽ እምነትሽን አያስክድሽም፤ እግዚአብሔር በመልኩ የፈጠረውን ሰው እያገለገልሽ ነው።

ባልና ሚስትም በዚህ ሳምንት ተወያዩበት፦ የገዛ ልጃችን እንዲህ ያለ ምስጢር ይዞ ቢታመም፣ በምን ዓይነት እጅ እንዲታከም እንፈልጋለን?

ጌታ የሚራራ ልብ ይስጠን። አሜን።