ናጊናታ ልሥራ ላለው ልጅ

ባለፈው ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ የተላከው ከአንድ አባት ነው። የ19 ዓመት ልጃቸው ቀን ብየዳ ቤት ይሠራል፤ ማታ ማታ ደግሞ ጓሮ ውስጥ ከሰል አንድዶ ቢላዋ መቀጥቀጥ ለምዷል። አሁን ግን «ናጊናታ የሚባለውን የጃፓን መሣሪያ ካልሠራሁ» ብሎ የመኪና ባሌስትራ ገዝቶ ቤት አስገብቷል። የአባትየው ጥያቄ አጭር ነው፦ «ይህ ሙያ ነው ወይስ ዕብደት? ልከልክለው ወይስ ልተወው?»

ለመሆኑ ናጊናታ ምንድን ነው? በረጅም የእንጨት ዘንግ ጫፍ ላይ እንደ ጎራዴ የጎበጠ ስለት የተሰካበት መሣሪያ ነው። ጦር ይወጋል፤ ናጊናታ ግን በዋናነት የሚቆርጥ ነው። ስለቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ዘንጉም ከሰው ቁመት ሊበልጥ ይችላል። በጥንት ዘመን የጦረኞችና የቤተ መቅደስ መነኮሳት መሣሪያ ነበር። በኋላ ረጃጅም ጦርና ጠመንጃ ሲበዙ ከጦር ሜዳ እየወጣ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868 በቆየው የኤዶ ዘመንም በሳሙራይ ቤቶች የሴቶች መሣሪያ ሆነ። ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ይዛው ትሄድ ነበር። በ1868 በአይዙ በተደረገው ውጊያ ናካኖ ታኬኮ የተባለች ወጣት የሴቶች ቡድን እየመራች በናጊናታ ተዋግታ በጥይት ወድቃለች። ዛሬ ጃፓን ውስጥ በተለይ ልጃገረዶች በእንጨትና በቀርከሃ የተሠራውን ይዘው እንደ ስፖርት ይማሩታል። እኛም ነገሩን እስክናነብ ድረስ የወንዶች ብቻ መስሎን ነበር።

ሌላም ያልጠበቅነው ነገር አገኘን። እዚያው ጃፓን ውስጥ ማንም ሰው በትርፍ ጊዜው ተነሥቶ እውነተኛ ናጊናታ መሥራት አይችልም። ሕጉ 15 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ስለት ያለውን ጎራዴ፣ ጦርና ናጊናታ ይቆጣጠራል። ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ባለው አንጥረኛ ሥር 5 ዓመት ተምሮ የራሱን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ከዚያ በኋላም ቢሆን በወር ከ2 ረጃጅም ጎራዴ በላይ እንዲሠራ አይፈቀድለትም። ስለዚህ በጓሮው የሚቀጠቅጠው አማተር ያለው ከጃፓን ውጭ ነው። የሚሠራውም በጃፓን ዘዴ የተሠራ ነገር እንጂ የጃፓን ናጊናታ ነው ብሎ መሸጥ አይገባውም እንላለን።

ወደ ሥራው እንምጣ። የጃፓን አንጥረኛ ከአሸዋማ የብረት ማዕድንና ከከሰል የሚወጣውን ታማሃጋኔ የተባለ አረብ ብረት ደጋግሞ እያጠፈ ይቀጠቅጣል። አማተሮች ግን ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ የወጣ ካርቦኑ ከፍ ያለ አረብ ብረት ይገዛሉ። ባሌስትራም ጥሩ ስለት ይወጣዋል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ክሮም ብረቱን እስከ ውስጡ ስለሚያጠነክረው፣ በጃፓን ስለቶች ላይ የሚታየው ነጭ ደመና የመሰለ መስመር በደንብ አይወጣበትም። ልጁ ያን መስመር ፈልጎ ከሆነ የተሳሳተ ብረት ገዝቷል።

ያ መስመር የሚወለደው ውሃ በማጠጣቱ ላይ ነው። ስለቱ ከመጋሉ በፊት ጀርባው በወፍራሙ፣ አፉ በስሱ ጭቃ ይቀባል። ብረት ማግኔት መሳቡን የሚያቆመው 770 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ ሲል ውሃ ውስጥ ይነከራል። አፉ ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፤ ሲጠነክርም ስለሚያብጥ ስለቱን ወደ ጀርባው ያጎብጠዋል። የናጊናታ ችግር እዚህ ላይ ነው። ስለቱ ረጅም ነው፤ ወደ ጫፉም ሰፋ ብሎ ይጎብጣል። ትንሽ ምድጃ ደግሞ እኩል አያግለውም። አንዱ ቦታ ከሌላው በልጦ ከጋለ፣ ውሃው ውስጥ «ቀጭ» የምትል ድምፅ ትሰማለች፤ የሁለት ወር ሥራ አለቀ ማለት ነው። የተሰነጠቀ ስለት አይበየድም። ብዙዎች ለዚህ ሲሉ ውሃውን ትተው ዘይት ይጠቀማሉ፤ ጉብጠቱ ቢያንስም የመትረፍ ዕድሉ ይበልጣል። ከተረፈም ሳይውል ሳያድር 200 ዲግሪ አካባቢ መልሶ ማሞቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። (የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ለዚህ ይበቃል፤ እናቱን ግን ያስፈቅድ።)

ይህ ሁሉ ሆኖ እኛን ያሰጋን ሌላ ነው፤ ዘንጉ ውስጥ የሚደበቀው ጭራ። ብዙዎቹ የጥንት ናጊናታዎች ጭራቸው የስለቱን ያህል ይረዝማል። ዘንጉ ረጅም ስለሆነ ሲወዛወዝ ኃይሉ በሙሉ የሚያርፈው እዚያ መጋጠሚያ ላይ ነው። ረጅሙ ጭራ በእንጨቱ ውስጥ ገብቶ በችንካር ይያዛል። ዘንጉም ድቡልቡል ሳይሆን ሞላላ ነው፤ እጅ ሳያይ አፉ በየት በኩል እንዳለ ያውቃል። በያጅ የሆነ ልጅ ግን ምን ያደርጋል? አጭር ጭራ ይተውና ዘንግ የሚገባ ብረት በብየዳ ይቀጥልበታል። ከውጭ ሲታይ ምንም ልዩነት የለውም። አንድ ቀን ሲወዛወዝ ግን ስለቱ ተነቅሎ ይበርራል፤ ግቢው ውስጥ ታናናሾቹ አሉ።

እንግዲህ ወንድማችን፣ አይከልክሉት። በመጀመሪያ በአገሩ ሕግ የሚፈቀድ መሆኑን ይጠይቅ። መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ይግዙለት። ናጊናታውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ስንዝር የሚሆን ቢላዋ ከነጭራው ከአንድ ብረት ቀጥቅጦ፣ ውሃ አጠጥቶ ሳይሰነጠቅ ያሳይዎት። ያ ሦስት ጊዜ ከተሳካለት ስለ ናጊናታው አብራችሁ ተነጋገሩ። ውሃ የሚያጠጣ ዕለትም ከጎኑ ይሁኑ። የጋለ ብረት ቀለሙ በትክክል የሚለየው በጨለማ ነውና፣ እሱ ብረቱን በጉጠት ይዞ ሳለ መብራቱን የሚያጠፋለት ሰው ያስፈልገዋል።