ልጁ የሌለበት ውል

አንድ አሻንጉሊት በ250 ዶላር ተሸጠ ቢሏችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የማን ልጅ ነው የሚጫወትበት?» ብላችሁ ይመስለኛል። መልሱ አጭር ነው፤ ማንም ልጅ አይጫወትበትም። ገዢው አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰውዬ ነው። መስታወት ባለው መደርደሪያ ላይ ያቆመዋል፤ አንዳንዱማ ከነሳጥኑ ነው የሚያስቀምጠው። የሠራው ድርጅትም ብዙ ጊዜ ያንን ገጸ ባሕሪ በልጅነቱ የሸጠለት ፋብሪካ አይደለም። ስሙንና መልኩን ከፋብሪካው በፈቃድ ውል የወሰደ ሌላ ኩባንያ ነው። በአሜሪካ የመጫወቻ ንግድ ይሄ ዛሬ ተራ አሠራር ሆኗል። የማቴል ሂማን፣ የሃዝብሮ ጂ.አይ. ጆ እና ትራንስፎርመርስ ሁሉም በዚህ መንገድ አልፈዋል።

እኔ ውሉ በራሱ ነውር አለበት አልልም። ነውሩ የሚመጣው ፋብሪካው ገጸ ባሕሪውን ለባለ ገንዘብ ሰብሳቢዎች ካከራየ በኋላ ለልጆች የሚሆነውን ርካሹን መሥራት ሲተው ነው። «አሻንጉሊት ለጋዜጠኝነት ተማሪ ምኑ ነው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ ቴሌቪዥን ላይ መድረሳችን አይቀርም።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ 1964 መመለስ ያስፈልጋል (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። በዚያ ዓመት ሃዝብሮ የተባለው የሮድ አይላንድ ፋብሪካ ጂ.አይ. ጆ የሚል ስም ያለው፣ ቁመቱ 12 ኢንች የሆነ፣ እጅና እግሩ የሚታጠፍ ወታደር ለገበያ አወጣ። ዋጋው 4 ዶላር ገደማ ነበር። ልብሱ የሚወልቅና የሚለበስ ስለሆነ ግን አንድ ሥጋት ነበር፤ የትኛው አባት ነው ለወንድ ልጁ አሻንጉሊት የሚገዛው? ስለዚህ ሻጮቹ አሻንጉሊት ብለው እንዳይጠሩት ተነገራቸውና «አክሽን ፊገር» የሚል አዲስ ስም ወጣለት። እኛ በአማርኛ ሁሉንም አሻንጉሊት ብለን ስለምንገላገል ይሄ ጣጣ ብዙም አይገባንም። የአሜሪካ ጉምሩክ ግን በደንብ ገብቶታል። ቀረጡ እንደ ስያሜው ስለሚለያይ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1989 የይግባኙ ፍርድ ቤት ጂ.አይ. ጆ አሻንጉሊት ነው ብሎ ወሰነ። በ2003 ደግሞ ሌላ ፍርድ ቤት የኤክስሜን ምስሎች ሰውን ስለማይወክሉ አሻንጉሊት ሳይሆኑ መጫወቻ ናቸው አለ። ኩባንያዎቹ ለልጁ አንድ ስም፣ ለቀረጥ ሰብሳቢው ሌላ ስም ይዘው ነው የሚዞሩት ለማለት ያህል ነው።

የጂ.አይ. ጆን ሐሳብ ያመጣው ስታን ዌስተን የሚባል የፈቃድ ውል ወኪል ነበር። ሃዝብሮ 100,000 ዶላር ከፍሎት ሐሳቡን ጠቅልሎ ገዛው። በ2003 የመጀመሪያው በእጅ የተሠራ ናሙና በጨረታ ሲሸጥ 200,000 ዶላር አወጣ፤ ለሐሳቡ ከተከፈለው እጥፍ መሆኑ ነው። የዋጋ ንረቱን ትተን እንኳ ይሄ ቁጥር አንድ ነገር ያሳያል። ትልቁ ገንዘብ የሚመጣው ልጆቹ ካደጉ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ። በ1969 «ሆት ዊልስ» የሚባሉትን ትንንሽ መኪኖች ስም የያዘ የካርቱን ፕሮግራም ሲተላለፍ የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ይሄማ ማስታወቂያ ነው ብሎ ተቃውሞ ነበር። በሬጋን ዘመን ግን ኮሚሽኑ ቁጥጥሩን እያላላ ሄደና በ1984 የማስታወቂያ ሰዓት ገደቡን አነሳው። ማቴል ሂማንን በ1982 ለገበያ አውጥቶ ነበር፤ በ1983 ፊልሜሽን የተባለው ስቱዲዮ የሠራው ካርቱን ተከተለ። ትራንስፎርመርስም በ1984 መጫወቻውና ካርቱኑ ተያይዘው መጡ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የሚያየው ታሪክ የአንድ ፋብሪካ የዕቃ ዝርዝር ነበር ማለት ይቻላል። በየመሐሉ ደግሞ የታወቀው ዓይነት ማስታወቂያ ይገባል። ኮንግረስ የሕፃናት ቴሌቪዥን ሕግ አውጥቶ የማስታወቂያውን ደቂቃ እንደገና የገደበው በ1990 ነው፤ እስከዚያ አንድ ትውልድ አድጓል። ዛሬ 250 ዶላር የሚከፍለው ሰውዬ ያ ልጅ ነው። ትዝታው እውነተኛ ነው፤ በዚህ አልቀልድም። ትዝታው እንዴት እንደተተከለ ማወቅ ግን የኛ የሙያ ጉዳይ ነው። ዲፓርትመንታችን ውስጥ ስለ ማስታወቂያና ስለ ፕሮግራም ልዩነት ስንከራከር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላጋጠመኝም።

ታዲያ ፋብሪካው ያንን ሰውዬ ለምን ራሱ አያስተናግደውም? ለምን ለሌላ ያከራየዋል? ምክንያቱ ውሉ ውስጥ ነው። ተከራዩ ኩባንያ ከሽያጩ የተወሰነ መቶኛ ሮያሊቲ ይከፍላል። ብዙውን ጊዜ ዕቃው ተሸጠም አልተሸጠም የማይቀር ዝቅተኛ ክፍያም በውሉ ይገባል። ንድፉን፣ የቀራፂውን ሥራ፣ ቀለሙን፣ ማሸጊያውን በየደረጃው ለባለመብቱ እያሳየ ያስፈቅዳል። የብረት ፎርማውን ማሠራት፣ ከቻይና ፋብሪካ ጋር መነታረክ፣ ያልተሸጠውን መጋዘን ማቆየት የተከራዩ ራስ ምታት ነው። ባለመብቱ ቁጭ ብሎ ይቀበላል። በዚያ ላይ አንዱን ገጸ ባሕሪ እንደ ቅርጫ በሬ መመደብ ይቻላል፤ የ12 ኢንቹ መደብ ለአንዱ ኩባንያ፣ የ7 ኢንቹ ለሌላው፣ ሐውልቱ ለሦስተኛው። ካሊፎርኒያ ያለው ሳይድሾው ጂ.አይ. ጆን በ12 ኢንች ሠርቶታል፤ በኋላም የሆንግ ኮንጉ ስሪዜሮ እንዲሁ። ሂማንን በዚሁ መጠን የሠራው ደግሞ በፊልም ፖስተሮች የታወቀው የቴክሳሱ ሞንዶ ነው። 12 ኢንች ማለት እንግዲህ የ1964ቱ ጆ ቁመት ነው። ያኔ የተከፈለው 4 ዶላር በዛሬው ገንዘብ ቢሰላ 40 ዶላር ገደማ ይሆናል። የአሁኖቹ የሰብሳቢ ሥራዎች ብዙ ጊዜ ከ200 ዶላር በላይ ናቸው።

ማቴል ኪራይ ቢወድ አይፈረድበትም። ከሂማን ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ሮጀር ስዊት እንዳስታወሰው በ1986 የአሜሪካ ሽያጩ 400 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ በ1987 ወደ 7 ሚሊዮን ወረደ። በአንድ ዓመት! ልጆች ፊታቸውን ሲያዞሩ እንዲህ ነው። አርባ ዓመት የሞላው ሰብሳቢ ግን እንደዚህ አይከዳም። አስቀድሞ ያዛል፣ ቀብድ ያስይዛል፣ ቀሪውን በየወሩ ይከፍላል፣ አንድ ዓመት ቢዘገይበትም ይጠብቃል። የቱን ትመርጣላችሁ?

ይሁንና የሂማን ታሪክ እዚህ ላይ ስለማያበቃ ነው ይሄን ጽሑፍ መጻፍ የፈለግሁት። በ2002 ለልጆች ተብሎ እንደገና ወጥቶ ነበር፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቆመ። ከ2008 ጀምሮ ማቴል ለአዋቂዎች ብቻ የታሰበ የሂማን ተከታታይ ሥራ ጀመረ። ቅርጹን የሠሩት ፎር ሆርስመን የተባሉ ቀራፂዎች ናቸው፤ ሽያጩ በሱቅ ሳይሆን በዋናነት በማቴል የራሱ ድረ ገጽ ነበር። በ2016 ማቴል ይሄንንም ተወና ፈቃዱን ሱፐርሰቨን ለሚባል የሳንፍራንሲስኮ ኩባንያ ሰጠው። ሱፐርሰቨን በ2001 ስለ ጃፓን መጫወቻዎች የሚጽፍ መጽሔት ሆኖ የተጀመረ ነው (የኛ ዲፓርትመንት ልጆች ተስፋ አትቁረጡ)። ሰዎቹ ሥራውን በፍቅር ያዙት። የ7 ኢንቹን ቀጠሉ፣ የ1982ቱን የሚመስል የ5 ተኩል ኢንችም ጨመሩ። በነዚያ ዓመታት ሂማን የሚባለውን ስም በሕይወት ያቆየው ይሄ ውል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ፋብሪካው ራሱ ረስቶት ነበርና። ለዚህ ነው ፈቃድ መስጠትን በጅምላ ማውገዝ የማልፈልገው።

ነገር ግን በነዚያው ዓመታት አንድ የስምንት ዓመት ልጅ በኪስ ገንዘቡ ሂማንን ለመግዛት ቢፈልግስ? ዋነኛው የሂማን ምርት የአባቱ ዕድሜ ላለው ሰው የተሠራ ነበር። ዋጋውም፣ መሸጫ ቦታውም፣ ሳጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍም ሳይቀር ለልጅ «ያንተ አይደለም» ይለዋል። መገጣጠሚያው ቢሰበር የሚያለቅሰው ልጁ ሳይሆን አባቱ ነው።

በ2020 ማቴል የ5 ተኩል ኢንቹን ሂማን መልሶ ራሱ አወጣው፤ «ኦሪጅንስ» ብሎ፣ በትልልቅ ሱቆች፣ ወደ 15 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ። ሰብሳቢዎቹም ተሻምተውበታል፤ ምንም አይደለም። ዋናው ነገር ልጅና አዋቂ አንዱ መደርደሪያ ፊት መቆም መቻላቸው ነው። ሞንዶም የ12 ኢንቹን መሥራት አላቆመም። ርካሹ ውዱን አልገደለውም። «ሁለቱ አብረው አይሄዱም» የሚለውን ክርክር ውድቅ የሚያደርገው ይሄ ነው።

ከኔ ጋር የሚከራከሩ ሰዎች ሁለት ነገር ያነሳሉ። አንደኛው፣ ትልቅ ሰው በገንዘቡ የፈለገውን ቢገዛ ምን አገባህ የሚል ነው። ልክ ነው፣ አያገባኝም። ከ30 በላይ መገጣጠሚያ ያለው፣ ልብሱ በእውነተኛ ጨርቅ የተሰፋ፣ ፊቱ በእጅ ሥዕል የሚመስል ነገር በ250 ዶላር ሲሸጥ የቀራፂው ላብ አለበት። ክርክሬ ከገዢው ጋር አይደለም።

ሁለተኛው ጠንከር ይላል፤ ልጆች ድሮውኑ ወደ ስክሪን ሄደዋል፣ ፋብሪካው ገዢ ባለበት መሸጡ ምን ይደንቃል ይላሉ። ሰርካና የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት እንደገለጸው በ2024 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት በአሜሪካ ከ18 ዓመት በላይ ያሉ ገዢዎች ሕፃናቱን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉትን በልጠው ከሁሉም የዕድሜ ክፍል ቀዳሚ ሆነዋል። ሃዝብሮም ይሄን ቀድሞ አይቶታል። በ2018 ከስታር ዋርስ ፊልም የተወሰደች መርከብ በ499.99 ዶላር ሊሠራ አቅዶ 5,000 ሰው ቀድሞ ካዘዘ እሠራለሁ ብሎ ነበር፤ 8,810 መጡ። ቁጥሩ እውነት ነው። ግን አስቡት፤ እነዚያ 8,810 ሰዎች ከየት መጡ? አብዛኞቹ ያኔ በ2 እና በ3 ዶላር ትንሿን ምስል ይዘው አፈር ላይ ያንከባለሉ ልጆች አይደሉም ወይ? ዛሬ የ8 ዓመት ልጅ በእጁ ያልነካውን ገጸ ባሕሪ በ45 ዓመቱ በውድ ሊገዛው አይችልም። ትዝታ ካልተዘራ የሚታጨድ የለም፤ ይሄ ለልጅ ከማዘን ያለፈ የንግድ ሒሳብ ነው።

ስለኛም አንድ ነገር ልበል። በየሰፈሩ ሱቅ በር ላይ በላስቲክ ተጠቅልለው የሚንጠለጠሉት ስፓይደርማኖች ስንቶቹ የፈቃድ ውል እንዳላቸው መገመት አያዳግትም። ቀለማቸው ከመስመር ይወጣል፣ እጃቸው በሁለተኛው ቀን ይወልቃል። የቅጂ መብት መምህራችን እንዳይሰሙኝ እንጂ ብዙዎቻችንን ከነዚያ ጀግኖች ጋር ያስተዋወቁን እነሱ ናቸው። ሕጋዊው ዕቃ ለልጅ አቅም ሳይደርስ ሲቀር ቦታውን የሚሞላው ማን እንደሆነ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

ይሄን ሁሉ ስፈልግ ያስተዋልኩት ደግሞ የዜናው አጻጻፍ ነው። አዲስ የፈቃድ ውል ሲፈረም የሚወጣው ዜና አንድ ዓይነት ነው። ኩባንያው የላከው መግለጫ ይገለበጣል፣ «ትዝታ» የሚል ቃል ሁለት ሦስት ጊዜ ይገባል፣ ዋጋውና የሚለቀቅበት ወር ይጻፋል፣ አለቀ። ውሉ ለስንት ዓመት ነው? የትኛው መጠን ለማን ተመደበ? ፋብሪካው ራሱ ለልጆች የሚሠራው ቀጥሏል ወይስ ቆሟል? እነዚህን የሚጠይቅ ዘጋቢ እምብዛም አላየሁም። ሁለተኛ ዓመት ላይ የምንማረው የዜና አጻጻፍ እንኳ ማን፣ ምን፣ መቼ ብሎ ሲጀምር «ለማን» የሚለውን አይረሳም።

ሃዝብሮና ማቴል የኔን ምክር እንደማይጠብቁ አውቃለሁ። ቢጠይቁኝ ግን ውላቸው ላይ አንድ አንቀጽ እጨምር ነበር፤ ገጸ ባሕሪው ለሰብሳቢ ኩባንያ በኪራይ እስካለ ድረስ ባለመብቱ ያንኑ ገጸ ባሕሪ በልጅ የኪስ ገንዘብ ዋጋ ሱቅ ውስጥ ያቆያል የሚል። ማቴል በ2020 ማንም ሳያስገድደው በ15 ዶላር አድርጎታል። ሃዝብሮ በዚያው በ2020 ጂ.አይ. ጆን ራሱ መልሶ ሲያወጣ ግን «ክላሲፋይድ» ብሎ ወደ 20 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ፣ በዋናነት ለሰብሳቢዎች ነው ያዘጋጀው። በ1964 አባቶች እንዳይሸሹ ስሙን የቀየረለት ወታደር ዛሬ ዋነኛ ደንበኞቹ አባቶች ሆነዋል።