ኩሽኔታው ሦስት ወር ጮኸ

በወጣትነቴ የሠራሁበት አንድ ፋብሪካ ነበር፤ ስሙ ይቆየን። አንድ ሌሊት የትልቁ ሞተር ኩሽኔታ ተሰባብሮ ዘንጉን ያዘው፤ ሞተሩም ተቃጠለ። ምርት ሁለት ቀን ሙሉ ቆመ። የጥገና ልጆች ዓይናቸውን ሳይከድኑ ሠርተው ሲያስነሡት ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ወርደው ጨበጧቸው። በዓመቱ በዓል ደግሞ የምስክር ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ። ይገባቸዋል፤ ደክመዋል።

እዚያው አዳራሽ፣ ከኋላ ወንበር፣ ማሽን ቅባት የሚያጠጡት ሰውዬ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ፤ ልክ እንደ ሐኪም። ከሦስት ወር በፊት «ይሄ ነገር ድምፁ አላማረኝም» ብለው ኩሽኔታ ጠይቀዋል። የፈረቃ መዝገቡ ላይም አራት ጊዜ ጽፈዋል። መልሱ ምን ነበር? «ይዞራል እኮ! የሚዞር ነገር ለምን ይነካል?» አንድ ቀን ግን ሙቀቱ አላስችል ብሏቸው ማሽኑን አስቆሙት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው።

እኔ የምለው፣ ሳይሰበር ስለቀረ ሞተር የተሸለመ ሰው አይታችኋል? እኔ አላየሁም። ያልደረሰ ብልሽት ሪፖርት ላይ አይጻፍም፣ ፎቶ አይነሣም። ስለዚህ ጥገና ማለት እሳት ማጥፋት ሆኖ ቀረ። ሰኔ ሲመጣ ደግሞ ዕቅድ ለመሙላት መጀመሪያ የሚሰረዘው የጥገና ቀን ነው። ዕቅዱ ይሞላል፤ ሐምሌ ላይ ማሽኑ ይተኛል። ከዚያ አንዱን ማሽን አርዶ ሌላውን ማብላት ይጀመራል።

«የውጭ ምንዛሪ የለም» የምትለዋን አውቃታለሁ። ለመለዋወጫ እውነት ነው፤ ስንቱ ፋብሪካ በአንድ ኩሽኔታ ፕሮፎርማ ስንት ወር ይጉላላል። ግን ንገሩኝ፣ መዝገብ ገልጦ ለማንበብ ስንት ዶላር ይጠይቃል? ግራሶ በልክ ለማጠጣትስ? (በልክ ነው ያልኩት፤ ሲበዛም ኩሽኔታ ያሞቃል፤ ይህንንም የነገሩኝ ጋሼ ናቸው።)

መዝገብ ተራ ወረቀት የሚመስለው ካለ ፓይፐር አልፋን ያስታውስ። በሰሜን ባሕር ላይ የቆመ የነዳጅና ጋዝ ማውጫ ነበር። ሰኔ 29 ቀን 1980 ዓ.ም. የአንዱ ፓምፕ የግፊት መጠበቂያ ቫልቭ ለጥገና ተፈትቶ ቦታው በብረት ክዳን ተሸፍኖ ነበር። የማታው ፈረቃ ይህን አላወቀም፤ ወሬው በወረቀትም በአፍም አልደረሰውም። ሌላኛው ፓምፕ ሲቆምባቸው ያንኑ አስነሡት። አጣሪው ጉባኤ እንደደመደመው ጋዙ ያፈተለከው በዚያ ክዳን በኩል ሳይሆን አይቀርም። 167 ሰዎች አለቁ። እነዚያ ሰዎች ዶላር አጥተው አይደለም።

የእኛ ሞተር ሰው አልገደለም፤ ተመስገን ነው። ግን ሸላሚዎቹን ልጠይቅ፦ ሰዓቱን ስትሰጡ ያንን መዝገብ ከፍታችሁ አይታችሁት ነበር? ከዋዜማው የተጻፈውን እንኳ?

ጋሼ ማስጠንቀቂያውን የፈረሙ ዕለት አብሬያቸው ነበርኩ። አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ወረቀቱን አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ካቻቪቴያቸውን ይዘው ወደዚያው ሞተር ሄዱ።