መስከረም ላይ የተቆጠረው ልጅ ሰኔ ላይ የት አለ?

ወገን፣ ስለ ሀገር ስናወራ ስለ ድንበር፣ ስለ ባንዲራ፣ ስለ ታሪክ ነው የምናወራው። ጥሩ ነው፣ ይወራ። ዛሬ ግን ማንም ሼር የማያደርገውን ነገር ላነሳ ነው፦ የትምህርት ቤት ድጎማ። አሰልቺ ይመስላል አይደል? ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ነገ ይህችን ሀገር የሚረከበው ልጅ ጉዳይ ነው።

መንግሥት ልጆች ከትምህርት ገበታ እንዳይቀሩ ብር አያወጣም የሚል ካለ ተሳስቷል። ያወጣል። ከዓለም ባንክና ከሌሎች አጋሮች በሚገኝ ድጋፍ ጭምር፣ ለየትምህርት ቤቱ በቀጥታ የሚላክ ድጎማ አለ። መምህራን «ስኩል ግራንት» የሚሉት እሱን ነው። ጠመኔው፣ አጋዥ መጽሐፉ፣ የተሰበረው ዴስክ ጥገና ከዚያ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጥያቄው «ብር አለ ወይ?» አይደለም። ጥያቄው «ብሩ የሚቆጥረው ምንን ነው?» የሚለው ነው።

የሚቆጥረው የተመዘገበን ልጅ ነው። ድጎማው የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ነው። ነሐሴ ላይ የምዝገባ ንቅናቄ ይካሄዳል፣ መምህሩና ቀበሌው ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ቁጥሩ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ይላካል። ሪፖርቱ ያምራል። ከዚያስ?

ከዚያ ጥቅምትና ኅዳር ይመጣል። አዝመራው ይደርሳል። ወንዱ ወደ አጨዳ፣ ወደ ቡና ለቀማ፣ ወደ ሁመራና መተማ ሰሊጥ ይሄዳል። ሴቷ ከተማ ሰው ቤት ትቀጠራለች፣ ወይ ደላላ ዕድሜዋን ጨምሮ ዓረብ ሀገር ይልካታል። ክፍል ውስጥ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ወረቀት ላይ ግን ልጁ አሁንም አለ። በወንፊት ውኃ መቅዳት ማለት ይሄ ነው።

እስቲ ራሳችሁን በርዕሰ መምህሩ ቦታ አስቀምጡት። 40 ልጆች እንዳቋረጡ በሐቅ ቢጽፍ ምን ያገኛል? ተግሳጽ፣ ምናልባትም ለሚቀጥለው ዓመት ያነሰ ብር። ዝም ቢልስ? ምንም አይደርስበትም። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ አሠራሩ ራሱ ዝምታን ነው የሚሸልመው። የትምህርት ሚኒስቴር የራሱ ዓመታዊ የስታቲስቲክስ መጽሔት ለዓመታት ሲያሳየን የኖረው ደግሞ ብዙ ልጅ የሚቋረጠው ገና 1ኛ ክፍል ላይ መሆኑን ነው። ፊደል ሳይለይ!

በጦርነት የተዘጋ ትምህርት ቤት ጉዳይ ሌላ ነው። ዩኒሴፍ በሀገራችን ከትምህርት ውጭ ናቸው ያላቸው ልጆች ከ9 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ በርካቶቹን ያስወጣቸው ጦርነትና ድርቅ ነው። ያንን ድጎማ አይከፍተውም፣ ሰላም ነው የሚከፍተው። እኔ የማወራው በሩ ክፍት ሆኖ ልጁ ስለሚወጣበት ትምህርት ቤት ነው።

ልጁ ለምን ይወጣል? ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ትምህርት ነጻ ነው ይባላል እንጂ ደብተሩ፣ እስክሪብቶው፣ ዩኒፎርሙ፣ በየጊዜው የሚጠየቀው መዋጮ ነጻ አይደለም። ሴቷ ሞዴስ መግዣ አጥታ በወር አራት አምስት ቀን ትቀራለች፤ ትምህርቱ ያመልጣታል፣ ትወድቃለች፣ ትተወዋለች። ከሁሉም በላይ ግን ረሃብ አለ። ጠዋት ምንም ያልቀመሰ ልጅ አምስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ምን ይሰማል?

የሚሠራው ነገር ምን እንደሆነ እኮ አይተናል። አዲስ አበባ በ2012 የትምህርት ዘመን ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ምገባ ከከተማው በጀት ጀመረች፤ ደብተርና ዩኒፎርምም ጨመረች። እናቶች በማብሰሉ ሥራ እንጀራ አገኙ። ፖለቲካውን ለጊዜው ተዉት፤ ልጅ በልቶ ይማራል፣ አለቀ። በብዙ የገጠር ወረዳ ግን ምገባ የሚመጣው ድርቅ ሲመጣ ነው፣ እርዳታ ድርጅቱ ሲወጣ ይቆማል። የገጠሩ ልጅ ሆድ የፕሮጀክት ዘመን አለው እንዴ?

ሌላ ምሳሌ ከሩቅ ላምጣ። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ለድሃ እናቶች በእጃቸው ብር መስጠት ጀመረች። ቅድመ ሁኔታው ልጁ ቢያንስ 85 በመቶ የትምህርት ቀናት ክፍል መገኘቱ ነበር። ለሴቶች ልጆች ከፍ ባለው ክፍል ክፍያው ይበልጥ ነበር። ልብ በሉ፦ የተቆጠረው መመዝገብ አይደለም፣ መቆየት ነው። እኛም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት አለን። ወረዳው የድሃ ቤተሰቦች ዝርዝር በእጁ ነው። ትምህርት ቤቱ የስም መጥሪያ በእጁ ነው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ምን ያህል ይከብዳል?

ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ይሄን ነው፦

1. ለሁሉም ትምህርት ቤት መነሻ ድጎማው ይቀጥል። በላዩ ላይ ግን ሰኔ ላይ ስንት ልጅ እንደቀረ ታይቶ የሚጨመር ይኑር።

2. የተወሰነው ብር ለዴስክ ሳይሆን ለልጁ ይዋል፦ ለደብተር፣ ለሞዴስ፣ ለምግብ።

3. ገንዘቡ ከአዝመራ በፊት ይድረስ። ልጁ ከሄደ በኋላ የሚመጣ ብር ቀለም ይገዛ ይሆናል እንጂ ልጅ አይመልስም።

4. የመጣው ብርና የቀረው ተማሪ ቁጥር በየሩብ ዓመቱ ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

«እንዲህ ከሆነማ መምህሩ የውሸት መገኘት ይሞላል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ሊሞላ ይችላል። አራተኛውን ነጥብ ያስገባሁት ለዚህ ነው። ልጁ መተማ መሆኑን የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው፤ ሰሌዳው ላይ «አለ» ተብሎ ካየ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረቱ ፊት ይናገራል። «የድሃው ወረዳ ትምህርት ቤት ይቀጣል» ለሚለው ደግሞ፦ እያንዳንዱ የሚወዳደረው ካምናው ከራሱ ጋር ይሁን።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እኔ ዲግሪ ይዤ ሥራ የሌለኝ ሰው ነኝ፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እንደዚያው ናችሁ። የሰፈሩ ታዳጊ ትምህርት ሲያቋርጥ ጣቱን የሚቀስረው በእኛ ላይ ነው፦ «እነሱስ ተምረው ምን አገኙ?» በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑን ሲሰማ ደግሞ ይብስበታል። ይሄ ያማል። ነገር ግን ያለ ሥራ መቀመጣችን የሌላው ልጅ ማቋረጫ ምክንያት መሆን የለበትም። ሥራ ያጣነው ስለተማርን አይደለም። ያቋረጠውም ሥራ አላገኘም፤ እሱ ደግሞ ውሉን አንብቦ መፈረም እንኳን አይችልም፣ ደላላው የሚፈልገውም እሱን ነው።

እንዲያውም ከድጎማው ላይ ትንሽ አበል ተቆርጦ በየቀበሌው ያለው ሥራ አጥ ምሩቅ ማካካሻ ትምህርት ቢያስተምር፣ የቀረውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ ቢጠይቅ፣ በአንድ ብር ሁለት ቁስል ይታከማል። አበሉ እስኪመጣ መጠበቅም የለብንም። ሳምንት በገባ ቁጥር ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት የሰፈር ልጅ ማስጠናት ከማንም ፈቃድ አይፈልግም።

ሀገር ወዳድ ነኝ የምንል ሁሉ፣ በዚህ ሳምንት በአቅራቢያችን ወዳለው አንድ ትምህርት ቤት እንሂድና በአክብሮት ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ፦ መስከረም ላይ ስንት ነበሩ? ዛሬ ስንት ናቸው? መልሱን ኮመንት ላይ ጻፉት፤ የልጆቹን ስም ግን አትጻፉ፣ ቁጥሩ ይበቃል። ልጆቿን የማትቆጥር ሀገር ድንበሯን ማን ይጠብቅላታል?